መጨረሻ የሚጠጣ ያካፍል

ሑት 11

ዝናብ። የዓመቱ የመጨረሻ ወር ሁሌም እንዲህ ነው። የትምህርት ቤታችን ድንኳን ጥጉ እንደገና አፈሰሰ። ሴት ተማሪዎቼን ወደ መሃል ጠጋ ጠጋ አድርጌ ማባዛት አስተማርኩ። ሰባት በስምንት ላይ ስንደርስ ሁላችንም ደከመን... ተውነው።

ቤት ስገባ አባባ አካፋ ይሞርዳሉ። ነገ የቦይ ጠረጋ ነው። የቦዩን ውሃ ለየማሳው የሚያካፍሉት የውሃ አባት ናቸውና ከሁሉ ቀድመው መገኘት አለባቸው። እማዬ ከምድጃው በኩል፣ "ይሄ ሰውዬ አካፋውን የሚያየውን ያህል እኔን አይቶኝ አያውቅም" ትላለች። "አንቺን ዝገት አይነካሽ፣ ምን ልሞርድሽ!" አሉ አባባ። ወንድሜን እስማትን ሻዩ ትን አለው። ሳቅን። ጥሩ ቀን ነበር።

ሑት 12

ደቦው። ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም ነቅሎ ወጣ። እኛ ሴቶቹ ዳቦና እርጎ ይዘን ከኋላ ከኋላ...

ኮረብታው ላይ የሰፈሩት ፈረንጅ ወታደሮችም ወርደው መጡ። ካፒቴናቸው፣ ልጆቹ ቀይ ጢሙ የሚሉት፣ ጃኬቱን አውልቆ አካፋ ያዘ። ለትንሽ ጊዜ ደህና ቆፈረ፣ ከዚያ እጁ ተላጠ። ወንዶቹ አሾፉበት፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ድንኳኑንስ የሰጠን ማን ሆነና? እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ለሴት መማር ክልክል ነበርና እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአክስቴ ጓዳ፣ በር ተቀርቅሮ፣ ኮቴ በሰማን ቁጥር መጽሐፉን ዱቄት ውስጥ እየቀበርን ነው። ይሄን አልረሳም።

በአስተርጓሚው በወሒድ በኩል አባባን ጠየቃቸው። "እዚህ ዲሞክራሲ አላችሁ?"

አባባ ወሒድን አዩት። "ምን አለን ወይ ነው የሚለው?"

"ሹማችሁን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ ወይ ነው፣ አባት።"

አባባ ትንሽ አሰቡ። "ኧረ እኛ ምስኪኖች ነን፣ እንደሱ ያለ ነገር የለንም በለው።" ለትህትና ነው። ሰው ቤትህ ያምራል ሲባል "ኧረ ጎጆ ናት" እንደሚለው። ካፒቴኑ ግን አንገቱን ነቀነቀ፣ በጣም ያዘነ መሰለኝ።

ሑት 21

ዛሬ ካፒቴኑ ሽማግሌዎቹን መስጊዱ ፊት ሰብስቦ አነጋገራቸው። የቦዩ አፍ በየዓመቱ በድንጋይና በጭራሮ ይገደባል፣ ጎርፍ በየዓመቱ ይወስደዋል። ካፒቴኑ በሲሚንቶ እሠራዋለሁ፣ የብረት በር አደርግለታለሁ አለ። ግን በሩን የሚይዘውን ሰው ሕዝብ ይምረጠው። በወረቀት፣ በምስጢር። መሬት ያለውም የሌለውም፣ ወንድም ሴትም።

ሴትም!

እስከ ዛሬ ባለመሬት ወንዶች በአዲስ ዓመት ይሰበሰባሉ፣ አንድ ሰው ይሰይማሉ። ሁሌም ከእኛ ከታች ሰፈር። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፤ መጨረሻ የሚጠጣ ያካፍል፣ አለቀ። ውሃው ከቦዩ ጫፍ ካልደረሰ የሚጠማው ራሱ አካፋዩ ነውና ጫፍ ያደርሰዋል። አባባ ዓመት በዓመት እየተሰየሙ በዚሁ ሸበቱ። ምርጫ ሲባልም አልሰጉም። ላይ ሰፈር ሆኖ ለዚህ ሥራ የሚወዳደር ማን አለ?

የሴቶቹን ምርጫ እኔ እንድመራ ጠየቁኝ። እግሬ መሬት አልነካ አለ።

እስማት ብቻ አኮረፈ። "የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ሹኩፋ። ደግሞ በጠመንጃ የመጣ ወርቅ!"

"ካላደመቀኝ አወልቀዋለሁ፣ መጀመሪያ ልሞክረው!" አልኩት።

ሐመል 1

አዲስ ዓመት። ለበዓሉ ሰባት ዓይነት የደረቀ ፍሬ የተዘፈዘፈበት ውሃ ዘንድሮ ጣፈጠኝ። እማዬ ስኳር ጨምራ ይሆናል... ወይስ እኔ ነኝ?

ሐመል 8

ምርጫው ዛሬ ነበር።

ሐጂ ረዑፍ ተወዳደሩ! የላይ ሰፈር ሰው፣ ለዚያውም ማሳቸው ከቦዩ አፍ ሥር። አባባ ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። "ሐጂ ድሮም ቀልድ ይወዳሉ" አሉ። ወረቀቱ ላይ ለአባባ አካፋ፣ ለሐጂ ፋኖስ ተስሏል።

ሴቶቹ በድንኳኔ። መጋረጃ ጋረድን፣ ሳጥኑን መሃል አደረግን፤ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። እትዬ ጉልአንዳም፣ ከእኛ ማሳ ጎን የሰው መሬት በእኩል የምታርሰው ባልቴት፣ አልገባም ብላ ደጃፍ ላይ ቆመች።

"ስመርጥ ማንም አያየኝም?"

"ማንም፣ እትዬ።"

"ባሌም?"

"ባልሽ ሞቷል እኮ!"

"አንቺ እሱን አታውቂውም፣ ቢሞትም ያያል።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ግን ገባች። መጋረጃው ጀርባ ስትቆይ ስትቆይ ወድቃ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ስትወጣ መሸፈኛዋን ወደ ላይ ገልጣው፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "በዕድሜዬ ምን ትፈልጊያለሽ ተብዬ ስጠየቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው" አለች። አቀፍኳት። ቀለም የነካ ጣቷ ነጠላዬን አቆሸሸው፣ አላጥበውም።

ሐመል 9

አባባ ተሸነፉ።

ታች ሰፈር ለአባባ፣ ላይ ሰፈር ለሐጂ ረዑፍ። ላይ ሰፈር ደግሞ እጥፋችን ነው። ይሄን ለማወቅ ሳጥን ያስፈልግ ነበር? እንዴት አላሰብነውም? እንዴት አላሰብኩትም፣ መምህሯ?

አባባ የውሃ አባት አካፋቸውን በገዛ እጃቸው ለሐጂ ሰጡ። "እንኳን ደስ ያለዎት" አሉ፣ ድምፃቸው ደህና ነበር። አንዱ የላይ ሰፈር ጎረምሳ ከኋላ፣ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብሎ ተሳለቀ። እስማት ሊዘልበት ሲል አባባ ክንዱን ያዙት። "አልበላሁም፣ አልቆጨኝም። ና እንሂድ።"

ልጻፈው? ማንም አያነበው... ትናንት ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዛሬም ደስታው ከሆዴ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። አባቷ የተሻሩባት ልጅ! እትዬ ጉልአንዳም ከመጋረጃው ስትወጣ የነበራት ፊት ነው የሚመጣብኝ።

ገውዝ 3

የብረቱ በር ተመረቀ። ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ የሚያሽከረክሩት ጎማ አለው። ፎቶ ተነሳ። ካፒቴኑ በእኛ ቋንቋ ተለማምዶ፣ "ውሃው የእናንተ ነው" አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም።

ገውዝ 27

ውሃ ጫፍ መድረስ ካቆመ ሰነበተ። አባባ ዛሬ ሐጂ ረዑፍ ዘንድ ወጡ። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ጤና ስለ ልጆች ተጠያየቁ፣ ከዚያ ጉዳዩን አነሱ።

ሐጂ፣ "መቼ ከለከልኩ፣ ሰይፈዲን? በሩ ክፍት ነው። መንገድ ላይ ያልቃል" አሉ።

እውነታቸውን ነው! ክፉው ነገር ይሄ ነው። በመንገድ ያለው ሁሉ የቦዩን ዳር ትንሽ ትንሽ ይሸረክታል፤ አንዱ ለሽንኩርቱ፣ አንዱ ለግቢው። አባባ በነበሩ ጊዜ ጠዋት ማታ ከአፍ እስከ ጅራት ቦዩን ይዞሩ ነበር፣ እያንዳንዱን ሽንቁር በአካፋ እየደፈኑ፣ እየተሳደቡ፣ እየተሰደቡ። ሐጂ አይዞሩም። ለምን ይዞራሉ? የሳቸው ማሳ ከቁርስ በፊት ጠጥቷል። ከራስ በላይ ነፋስ። ሌባ ቢሆኑ ይሻለን ነበር፣ ሌባ ይያዛል።

የሮማን ዛፎቻችን ቅጠል ጫፉ መኮማተር ጀምሯል።

ሸርጣን 9

የሆነውን ልጻፍ።

የታች ሰፈር ወንዶች አካፋ ይዘው ወደ በሩ ወጡ። እስማት ከፊት። አባባ "ቆዩ፣ በሽማግሌ ይሁን" ቢሉ የሰማቸው የለም። ሐጂ ረዑፍ ኮረብታው ላይ ወዳሉት ፈረንጆች ሰው ላኩ፤ የተመረጠውን ሰው በጉልበት ሊያወርዱ መጡ ብለው። ውሸት ነው? አይደለም።

ሁለት ብረት ለበስ መኪና መጥቶ በሩ ፊት ቆመ። ጠመንጃው ወደ እኛ። ወደ እኛ! ደቦ የወጣንበት ቦታ ላይ። እኛ ሴቶቹ ከበሩ አቅራቢያ ካለ ጣሪያ ላይ እናያለን። ወሒድ በድምፅ ማጉያ ይጮሃል፣ "የሕዝብን ምርጫ አክብሩ! ተመለሱ!"

እስማት፣ "እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?" አለና አካፋውን ወረወረ። ወደ ውሃው ነው የወረወረው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ወታደሮቹ ግን ወደ እነሱ መሰላቸው። መሬት ላይ ደፉት፣ እጁን በፕላስቲክ ጠፍረው ወሰዱት። እማዬ ጮኸች፣ ጮኸች፣ ድምፅዋ ተዘጋ።

የኔን ሳጥን ነው የሚጠብቁት። እኔ ያጨበጨብኩለትን።

ሸርጣን 12

እስማትን ለቀቁት። አልመቱትም። አንጓው ላይ ግን ማሰሪያው ቀይ መስመር ትቶበታል። እግሩን ላጥበው ብዬ ውሃ ይዤ ብቀርብ፣ "የሳጥንሽ ዘበኞች ሰላም ብለውሻል" አለኝ። ውሃውን እዚያው አስቀምጬ ወጣሁ።

ሸርጣን 16

ካፒቴኑ ወሒድን ብቻ ይዞ ድንኳኑ ድረስ መጣ። ልጆቹን አሰናበትኳቸው።

"ስለ ወንድምሽ አዝናለሁ፣ መምህር።"

የልጆቹን ደብተሮች መሰብሰብ ጀመርኩ።

"ግን ሕግ ነው። የተሸነፈ ወገን ተቀብሎ የሚቀጥለውን ምርጫ ይጠብቃል። በእኛም አገር እንደዚሁ ነው።"

"የሮማን ዛፍ ምርጫ ይጠብቃል?"

ወሒድ ሊተረጉም አመነታ። "ንገረው!" አልኩ። ነገረው። ከዚያ የቆየውን ልማድ ነገርኩት፤ መጨረሻ የሚጠጣ ለምን እንደሚያካፍል፣ ለምን ሁሌ ከጅራቱ እንደሚሰየም፣ ያላዳረሰ ሰው በዓመቱ እንዴት እንደሚሻር። ፊቱ እየገረጣ ሄደ።

"አባትሽን ጠይቄያቸው የለንም አሉኝ እኮ!"

"እንግዳ ነበርክ። ለእንግዳ አለን ተብሎ ይፎከራል?"

"ታዲያ ከዚያ በኋላስ? ሽማግሌዎቹ ሁሉ ነበሩ፣ አንድ ሰው እንኳ..."

"ውሃ ቁልቁል ይፈሳል ብሎ የሚነግርህ አለ? ሁላችንም የምታውቅ መስሎናል።"

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እውነት ለመናገር አሳዘነኝ። ቀና ብሎ፣ "እሺ፣ ምን ላድርግ? ሐጂን ላውርዳቸው? በጠመንጃ?" አለ።

አፌ ላይ የመጣው "አዎ" ነበር። ፈጣሪ ያየኛል፣ "አዎ፣ አውርዳቸው!" ልል ነበር። ከዚያስ? ላይ ሰፈር ሴቶችም በድንኳኔ መርጠዋል፤ ጣታቸውን በቀለም የነከርኩት እኔው ነኝ። ለነሱ ምን ልላቸው ነው? ድምፃችሁ እኔ እስካልተጎዳሁ ድረስ ድምፅ ነው?

ወሒድ የሚተረጉመው አጥቶ ጥቁር ሰሌዳውን ያያል።

አሰድ 20

ሮማኑ ሳይቀላ እየተሰነጠቀ ይወድቃል። እማዬ ለቅማ ለፍየሏ ሰጠች። ፍየሏም አሽትታ ተወችው።

ዐቅራብ 5

አባባ የሮማኖቹን የታችኛውን ረድፍ መጋዝ ጀመሩ። ደርቋል፣ የሚተርፍ የለም። አያቴ የተከሉት ነው። እስማት ሊያግዛቸው ቢመጣ እምቢ አሉ። "የክረምት ማገዶ ተገኘ" አሉ፣ ለመቀለድ ነው። ማንም አልሳቀም። አባባን ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ዛሬም አላየሁም፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበር።

እትዬ ጉልአንዳምም ከማሳዋ ያገኘችው አንድ ጆንያ ቦሎቄ ብቻ ነው፣ ነጭና ቀይ የተደባለቀ። ላሟን ሸጠች።

ቀውስ 14

ፈረንጆቹ ሄዱ። ወደ ሌላ ሸለቆ ነው ተብሏል፣ ሰው ደግሞ ወደ አገራቸው ነው ይላል። ከመሄዳቸው በፊት ካፒቴኑ ሊሰናበተኝ መጣ። ከስቷል። ሳጥኑን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ለሚቀጥለው ምርጫ።

"መምህር፣ ጠቅመናችሁ ይሆን?"

ምን ይባላል? አዎ ልበል፣ የአባባ ዛፎች ምድጃ ውስጥ እየነደዱ? አይ ልበል፣ ልጆቼ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለው እየጻፉ? እነሱ ባይመጡ እኔ ዛሬም ከዱቄት ውስጥ መጽሐፍ እያወጣሁ ነበር። እነሱ ባይመጡ ሮማኖቹም ነበሩ። አንዱን ከሌላው ለይቶ መውሰድ ይቻል ነበር?

"ድንኳኑ ጥሩ ነው" አልኩት።

ጠበቀ። "አመሰግናለሁ" ብሎ ሄደ።

ጀዲ 22

በረዶ። እማዬ ሳጥኑን ዱቄት ሞላችበት። "አይጥ አይገባውም፣ ፈረንጅ ብልህ ነው" ትላለች። ድሮ መጽሐፌን ከዱቄት ውስጥ አወጣ ነበር፣ አሁን ደግሞ ዱቄቱ የድምፅ ሳጥኔ ውስጥ። ልስቅ ነበር፣ አልመጣልኝም።

ሑት 18

እስማትና ጓደኞቹ ሁለት ጠመንጃ አግኝተዋል። ዘበኞቹ ሄደዋል፣ ዘንድሮ በሩን እንይዛለን ይላሉ። ላይ ሰፈርም ዝም ብሎ አይቀመጥም። እማዬ መብላት አቁማለች።

አባባ ጠዋት ዳቦ በጨርቅ ጠቀለሉና ብቻቸውን ወደ ላይ ሰፈር ወጡ። እስማት በር ላይ ቆሞ፣ "ሊለምኗቸው ነው?" አለ። "ልበላ ነው" አሉት።

ሲመለሱ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ሐጂ ረዑፍ ዳቦውን ሳይቆርሱ፣ "ሰይፈዲን፣ ወታደሮቹ ከሄዱ ጀምሮ የበሩን ቁልፍ ትራሴ ሥር አድርጌ የማን ልጅ ይመጣብኝ እያልኩ ነው። መንደሩ ሁሉ ጠላኝ። ውሰደው፣ ወንድሜ፣ እንደ ድሮው ይሁን" አሏቸው። በቃ። ይሄው ነው።

እማዬ ሁለት ሳህን ሾርባ በላች። እስማት ጠመንጃውን ወደመጣበት መለሰ፣ ወይም መለስኩ አለ።

ሐመል 2

ባለመሬቶቹ መስጊዱ ፊት ተሰበሰቡ። እኛም ሄድን። እትዬ ጉልአንዳም ከፊት፣ እኔ ከጎኗ፣ የላይ ሰፈር ሴቶችም ጥቂት። ሰው ዞሮ አየን።

አንደኛው ሽማግሌ በደግ ድምፅ፣ "ልጆቼ፣ እናንተ ወዴት?" አሉ።

"ልንመርጥ" አለች ጉልአንዳም።

"እሱማ ከፈረንጆቹ ጋር ሄደ። እንደ ድሮው ነው የተባባልነው። ሂዱ፣ ዳቦ ጋግሩልን።"

ሳቅ። ክፋት የሌለው ሳቅ፣ የሚያቃጥለው እሱ ነው። አባባ አካፋውን ይዘው ቆመዋል፣ ገና የተረከቡት። አዩኝ። ከዚያ መሬት መሬት አዩ።

ተመለስን።

ሐመል 13

ውሃው ጫፍ ደረሰ! እማዬ እጇን ነክራ ፊቷን ታጥባ አለቀሰች። የተረፉት ሮማኖች እምቡጥ ይዘዋል። አባባ ጠዋት ማታ ይዞራሉ፣ ስድባቸው ከሩቅ ይሰማል፣ ሰፈሩ በደስታ ያደምጣቸዋል።

እኔም ደስ ብሎኛል።

አልዋሽ... ደስ ብሎኝ፣ ተናድጄ ነው ያለሁት። ለአባባ ሻይ አቀርባለሁ፣ አላወራቸውም። ከወታደሮቹ ጋር የመጣው ሁሉ አብሮ ይሂድ ከተባለ ሲሚንቶው ለምን ቀረ? የብረቱን በርማ ማንም አላፈረሰውም። እኛን ብቻ ነው የመለሱን።

ሐመል 17

ጉልአንዳም ከሰዓት በኋላ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ነገር አለ።

"ሳጥኑ የት አለ?"

እማዬ እያጉረመረመች ዱቄቱን ገለበጠች። ጉልአንዳም ቋጠሮዋን ፈታች፤ ከዚያ ካለፈው ክፉ ዓመት የተረፋት ቦሎቄ ነው። "ሰይፈዲን የውሃ አባት ይሁን የምትል ነጭ፣ አይሁን የምትል ቀይ" አለች። ሳጥኑ ውስጡ ስለሚታይ በጨርቅ ሸፈንነው። ልብስ እናጥባለን እየተባለ ከታችም ከላይም መጡ። የሐጂ ረዑፍ ምራት ሳትቀር።

ምን ይለውጣል? ምንም። አባባ ተሰይመዋል፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው። ውሃ ወቀጣ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንዲት ሴት እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሳጥኑ የፈረንጆቹ ነው፣ ቦሎቄው የጉልአንዳም። ዳግም ብጠየቅ ለካፒቴኑ የምመልስለት ይሄን ነው።

ተቆጠረ። ነጩ በዛ። ቀይ ሦስት ነበረ፣ አንዷ የኔ ናት።

ስለ ውሃው አይደለም። ከሳቸው በላይ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው የለም። አንገታቸውን ስለደፉብኝ ነው።

እራት ላይ ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያወራኋቸው የመጀመሪያው ነገር ነው። "አባባ፣ ሴቶቹም መርጠውዎታል።" እስማት ጎረሰና አላላመጠም። አባባ ነገሩ ሲገባቸው ፈገግ አሉ።

"ሁሉም?"

"ሦስት ቀይ አለ።"

ፈገግታው ጠፋ። ዳቦውን አስቀመጡት። "ቀዮቹ የነማን ናቸው?"

"ምስጢር ነው።"

እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። አባባ ግን አልተቆጡም። እጃቸውን አዩ፣ ጭቃው ከጥፍራቸው አልወጣም ነበር። ወደ እኔ ሳያዩ፣ "ከሦስቱ አንዷን ያገኘሻት እንደሆነ... ምን እንዳጠፋሁ መጥታ ትንገረኝ በያት" አሉ።

"እነግራታለሁ" አልኳቸው።